የዶቶሬው ጉባኤ

እኔ ቂመኛ ሴት ነኝ። ይህን የምለው ለንስሐ አይደለም፤ የነፍስ አባቴ ያውቁታል፣ መክረው መክረው ሰልችቷቸዋል። ሰማንያውን ካለፍኩ ቆየሁ፣ ጥርሴ አልቋል፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል፤ ቂሜ ግን አንድም ቀን አሞት አያውቅም። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ትርንጎ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መጣችና፣ ሆስፒታል አዳራሽ ውስጥ የደም ሐኪሞች ስብሰባ እንዳለ፣ እርጉዞችና አያቶችም ገብተው እንዲሰሙ እንደተጋበዙ ነገረችኝ። ሰባት ወሯ ነው፤ በመሣሪያ ታይቶ ወንድ ነው ተብላለች። እኔ ዕድሜዬን በአስተማሪነት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ስብሰባ የሚባል ነገር ጠግቤአለሁ። ግን ልጅቱ ብቻዋን ባጃጅ ላይ እንድትንገጫገጭ አልወደድኩም፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኳት።

አዳራሹ በር ላይ ያ ሽታ ተቀበለኝ። አዮዲን ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሽታ ነው፤ እኔን ግን ደብረ ማርቆስ ላይ እንደቆምኩ ሌላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይጥለኛል። ዛሬ ባጃጆች የሚሰለፉበት ጥግ ያኔ የጣሊያን ኬላ ነበር። ከኬላው በላይ ያለው የባሕር ዛፍ ጥላ ስር አስካሪዎች፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ፤ ከመኮንኖቹ ቤት የሸክላ ዘፈን ይሰማል፣ አንዲት ሴት ማንም በማይገባው ቋንቋ ስትለማመጥ ትውላለች። ያን ጊዜ ጠገራ ብር ንጉሥ ነበር። ጣሊያን የወረቀት ሊሬውን ይዞ ገበያ ሲወጣ የእኛ ሴቶች ወረቀቱን አገላብጠው ያዩና እህላቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። አንድ ጠገራ ብር ይዞ የወጣ ሰው ግን በግ ነድቶ፣ ጨው ቋጥሮ፣ ለሚስቱ አቡጀዲ አስቀድዶ ይመለሳል። እኔም ከዚያ አቡጀዲ የተሰፋች፣ አንገቷ ላይ ቀይ ክር የገባባት ቀሚስ ነበረችኝ። ዛሬ ልጆቹ የሚለብሱትን ሳይ ያችን ቀሚስ በስንት ልቅሶ እንዳገኘኋት ትዝ ይለኛል።

ብቻ ገብተን ተቀመጥን። የምትናገረው ሐኪም ዶክተር ሰላማዊት ትባላለች፤ የደብረ ወርቅ ቄስ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለች። ደማቸው የማይረጋ ሰዎች እንዳሉ አስረዳች። በሽታው ወንዱን እንደሚያደማ፣ የሚተላለፈው ግን ደህና በሆነችው እናት በኩል እንደሆነ ተናገረች። እንዲህ ካለ ቤት የተወለደ ወንድ ልጅ ደሙ ሳይመረመር በስምንተኛው ቀን ከተገረዘ ሊሞት እንደሚችል፣ ከታወቀ ግን ዛሬ መድኃኒት እንዳለው ስትናገር ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ መቋሚያዬን አሻሻለሁ። ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ ተምሬዋለሁ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ አበራች። አንድ ጎልማሳ ጋቢ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ አንድ ጉንጩ አብጧል። አጠገቡ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ጢሙን የተስተካከለ ፈረንጅ ቆሟል፣ እጁን ትከሻው ላይ ጭኖ። ወንድሜ ነው። ይርጋ ነው። ከሞተ ጀምሮ መልኩን አይቼ አላውቅም፤ የእኛ ቤት ፎቶግራፍ የት ያውቅና። ዓይኖቹ ልክ እንደዚያን ቀን ሰው ይፈልጋሉ። የሚፈልገው እኔን ነበር፤ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።

ዶክተር ሰላማዊት የፈረንጁን ስም ጠራች። እኔ እዚህ አልጽፍለትም፤ ይቅርበት። በአገራችን ደሙ የማይረጋ ቤተሰብ አለ ብሎ መጀመሪያ የጻፈው ይህ ሐኪም ነው አለች። በኋላ ግን ትልልቆቹ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት የሟቹን ወንድም አምጥቶ ቢያሳይ ደሙ የደህና ሰው ደም ሆኖ ተገኘ፤ ባልደረቦቹ ቀጣፊ አሉት፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ቃሉን አላመነውም አለች። «ምናልባት ግን ልክ ነበር» ብላ ጨረሰች። «ምናልባት በደል ደርሶበት ይሆናል።»

በደል! እሱ ላይ! ደሜ ፈላ። ትርንጎ እጄን ይዛ፣ «አመመሽ እንዴ እምዬ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። እንዴት ብዬ ልንገራት? እናቷም ሳትሰማው ነው ያደገችው። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ያ ሰው ልክ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን ልክነቱን ከእጁ ለመንጠቅ ብዙ ከፍለንበታል።

የእኛ ቤት ከሮብ ገበያ ወዲህ፣ የጮቄ ብርድ በሚነፍስበት ዳገት ላይ ነበር። ገብስና ድንች፣ በጎችና ሁለት ላም። አባቴ ጣሊያን ሳይገባ ሞቷል። እናቴ ወንድ ልጅ አይበረክትላትም። የመጀመሪያው በተገረዘ ማግስት አለፈ። የእሷም ወንድሞች ገና ጎልማሳ ሳይባሉ አንዱ በእሾህ፣ አንዱ በዋገምት ደማቸው ፈስሶ አልቀዋል፤ ዋገምት ማለት ሌላው ሰው ወገቡን ሲያመው ቀንድ አስደግፎ መጥፎ ደም የሚያስመጥበት መድኃኒት ነው፣ ለእኛ ወንዶች ግን ሞት ነበር። ታላቄ ሲወለድና ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ ከሞት አፋፍ ሲመለስ፣ ይርጋ አለችው።

ይርጋ ዲያቆን ነበር፣ ድምፀ መልካም። ያን የሸክላ ዘፈን እንኳ ኬላው አጠገብ ሰምቶ መጥቶ በዜማ አዙሮ ሲያንጎራጉረው እናቴ እየሳቀች «ተው፣ ኃጢአት ነው» ትለዋለች። የማይሆንለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማጭድ መጨበጥ። በደቦ ቀን ወንዱ ሁሉ ተሰልፎ እየዘፈነ ገብስ ሲያጭድ ይርጋን ጠላ ቅዳ ይሉታል። ጠላ መቅዳት የእኛ የሴቶቹ ሥራ ነው። ማንም በክፉ አይለውም፣ ሊጠብቁት ነው፤ እሱ ግን ማሰሮውን ይዞ ሲዞር ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። የእሱን ድርሻ የሚያጭድለት ጓደኛው አበጀ ነበር።

አበጀን እንዴት ልግለጸው? ጣሊያን የአባቱን ቤት ሲያቃጥል አባቱ ውስጥ ነበር። እናቱ ቀድማ ሞታለች። ከዚያ ወዲያ አበጀ ከእኛ ቤትና ከአርበኞቹ ዱር መካከል የሚመላለስ ሰው ሆነ፣ ጥይት ያደርሳል፣ ወሬ ያመጣል። ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር። ውኃ ልቀዳ ስወርድ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል፣ እኔም እንስራዬ ቶሎ እንዳይሞላ አደርጋለሁ። መኸር ሲገባ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረን ነበር። ይርጋ ያውቃል፣ ያሾፍብናል። ያቺን የአቡጀዲ ቀሚስ ያስገዛልኝም ለዚያው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የይርጋ ጉልበት እንደ ቅል አበጠ፤ ሲያመው እንዲህ ያደርገዋል። በበቅሎ ጭነነው ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ አንዲት ወጌሻ ጋ ስንወስደው የጣሊያን ካምፕ አስተርጓሚ አገኘን። ሰውየው ከሰሜን የመጣ፣ ኮት ላይ ኩታ የሚደርብ፣ ጨዋ ነገር ነበር። ዶቶሬ የሚሉት የጣሊያኖቹ ሐኪም ጋ ወሰደን፤ ያ ፎቶግራፉ ላይ የቆመው ነው። ዶቶሬው የይርጋን ደም በብርጭቆ ቀድቶ ፀሐይ ላይ አጋደለው፤ ደሙ እንደ ውኃ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሰውየው ፊት እንደ ሙሽራ በራ። ጥያቄውን አዥጎደጎደው፤ አባቱ ማነው፣ አያቱ ማነው፣ የእናቱ ወንድሞች ምን ሆነው ሞቱ። በመጨረሻ አስተርጓሚው ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እመይቴ፣ ለዚህ ደም መድኃኒት አለኝ ይላል። የሐኪሞች ጉባኤ አለው፤ ልጅዎ ለጉባኤው ይቅረብለትና ከዚያ ያክመዋል» አላት። እናቴ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ይርጋ ቀደማት። «ማጭድ እይዛለሁ?» ብሎ ጠየቀ። ተተረጎመለት። ዶቶሬው ሳቀ፣ አዎ አለ።

ይርጋ በዚያው ቀን ከገበያ አዲስ ማጭድ ገዛ። እጀታው የወይራ ነው። እስከ ቤት ድረስ በጋቢው ጠቅልሎ፣ በቅሎዋ ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይዞት መጣ።

ለጉባኤው ቀን ሁላችንም ነጭ ለብሰን ወረድን። ከየካምፑ የመጡ ሐኪሞች ናቸው፤ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ቪኖ ተቀድቶላቸው ተቀምጠዋል። ዶቶሬው ይርጋን ወንበር ላይ አስቀመጠና አንድ ጥርሱን በጉጠት ነቀለው። ጥርሱ አላመመውም ነበር። ጥርሱ ታሟል ብሎ አስተርጓሚውን አናገረው እንጂ፣ የፈለገው ሲደማ ማሳየት ነበር። አሳየ። ፎቶግራፍም ተነሳ። ሰዎቹ እየመጡ አፉን ከፍተው ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ይጎነጫሉ። ከዚያ ወደ አንዲት ክፍል ወሰዱት። እናቴ የሸረሪት ድር ይዛ ነበር፤ የእኛ ሰው ቁስል ላይ የሚያደርገው እሱን ነው። ልታደርግለት ጎንበስ ስትል ዶቶሬው እጇን ያዘው። አስተርጓሚው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ።

«አትንኪው ይላል። እንዴት እንደሚሄድ ማየት አለብኝ ይላል።»

እየመጣ ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይሄዳል። መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረውም። በኋላ አስተርጓሚው ምሎ ነገረን፤ ያኔ በዓለም ላይም አልነበረም። እኛን ወደ ውጭ አስወጡን፣ በር ላይ አስካሪ አቆሙ። ይርጋ ሲጠራን ይሰማናል፤ አፉ ደም ሞልቶ ስለነበር ስማችን አይለይም። ድምፁ ያን ሁሉ ዜማ ያወጣ ድምፅ ነው። በመጨረሻ ስንገባ ሞቶ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ነጭ ስል እንደዚያ አቡጀዲ ነጭ። እናቴ አንድ እንባ አላወጣችም። ዶቶሬው ሬሳውን ሊከፍት ሲፈልግ ደረቱ ላይ ተኛችበት፤ እስካሁን ሳስበው የዚያች ሴት ድፍረት ይገርመኛል። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንዳሳመነው አላውቅም፣ ሰጡን።

ቀበርን። ለቅሶው ዳስ ውስጥ ተቀምጠን፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ አስተርጓሚው ከሁለት አስካሪ ጋር መጣ። ለማፅናናት የመጣ መስሎኝ ነበር። ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ አጎነበሰና፣ እንዳፈረ ያስታውቃል፣ እንዲህ አላት።

«እመይቴ፣ ሌላ ወንድ ልጅ አላቸው ወይ ብለህ ጠይቅ ብሎኝ ነው።»

ያለን ወንድ እሱ የሞተው ብቻ ነበር። ሌላ የለም፣ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ቀና አለች። «አለኝ በለው» አለችው። «ከእናንተ ደብቄው ነው። እሱንም ልወስድለት ነው።»

አበደች አሉ ሰዎቹ። ልጇን ቀብራ ሴትዮዋ ለየላት አሉ። አበጀ እዚያው ዳሱ ጥግ ነበር። ሰው ሲበተን እናቴ እግር ስር ተንበርክኮ ሽጉጥ እንዳለው፣ ካምፑ ውስጥ ገብቶ ዶቶሬውን ገድሎ ሊሞት እንደሚችል ነገራት። እናቴ ሰምታ ጨረሰችና ራሷን ነቀነቀች። ብትገድለው መንደሩን ያቃጥሉታል፣ ያባትህን ረሳኸው? አለችው። ቀጥላም፣ «ደግሞ ሞት አይበቃውም። ልጄ ሲሞት ሰዓቱን ያይ ነበር። እሱ የሚወደው ሕይወቱን አይደለም፣ ያንን ጉባኤውን ነው። እሱን ነው የምወስድበት» አለች። አበጀን እንደ ይርጋ ወንድም አድርጎ ማቅረብ፣ ደሙ የደህና ሰው ደም መሆኑን በባልደረቦቹ ፊት ማሳየት፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ማንም ሐኪም ያላስተማራት ሴት የሰውየውን ልብ የት እንዳለ በአንድ ቀን አወቀችው፤ ጥላቻ እንዲህ ያስተምራል።

አንድ ችግር ነበር። ጣሊያንን ብዙ ሰው አታሎታልና ዶቶሬው በመስቀል አስምሎ ነው የሚቀበል። እናቴ ደግሞ በሐሰት ከምትምል እሳት ውስጥ ብትገባ ትመርጣለች። መላው ግን አገር የሚያውቀው ነው፤ የጡት ልጅ። ሰው አንዲትን ሴት እናቴ ሊላት፣ ወይ እሷ ልጇ ልታደርገው ስትፈልግ ሽማግሌና ቄስ ይቀመጣሉ፣ ሴቲቱ ጡቷ ላይ ማር ትቀባለች፣ ሰውየው ጎልማሳም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው። ይወርሳታል፣ ይቀብራታል፣ ደሟን ይመልሳል። ሴት ልጇንም አያገባም።

ቄሱና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ማሩ በትንሽ ገል መጣ። እናቴ ቀሚሷን ከትከሻዋ ሸርተት አድርጋ ጣቷን ማሩ ውስጥ ከተተችና ቆመች። ዞር ብላ አየችኝ። ታውቅ ነበር ለካ። እንስራዬ ለምን ቶሎ እንደማይሞላ ታውቅ ነበር። አበጀ ተንበርክኮ መሬት መሬት ያያል፤ እሱም እኔን እየጠበቀ ነበር።

«ምን ትያለሽ ልጄ?» አለችኝ።

የይርጋ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ ያ ደም የሞላው። «ቀቢ» አልኳት።

ቀባች። ጠባ። እናቴ ወንድ ልጅ አገኘች፣ እኔ ባሌን አጣሁ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እልል በሉ ብለውን እልል አልን። በኋላ አግብቻለሁ፤ ደህና ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ግን ይህን ያህል ዘመን ኖሬም ማር አልቀምስም።

አበጀን ይዘን ወረድን። ዶቶሬው እናቴን ቄስ ፊት አቁሞ አስማላት። ልጄ ነው፣ ጡቴን ጠብቷል፣ የሟቹም ወንድም ነው ብላ መስቀል ሳመች። አስተርጓሚው ይህን ሲሰማ አየት አደረጋት። የአገር ልጅ ነው፣ ገብቶታል። ትንፍሽ አላለም፣ ቃል በቃል ተረጎመው። ዶቶሬው ወዲያው ደም ሊቀዳ መርፌ ሲያነሳ እናቴ ስለት አለበት አለች፤ እስከ ጉባኤው ቀን ብረት አይንካው፣ ከነካው አርበኛ ጋ ይጠፋብሃል። ወንድሙ በዶቶሬው እጅ የሞተበት ሰው ነውና ይጠፋል ብሎ ፈራ፣ መርፌውን መለሰ፤ ወንድማማቾች ናቸውና ደማቸው አንድ ነው ብሎ አልተጠራጠረም። እስከዚያው ድረስ ከካምፑ እንዳይወጣ አስጠብቆ እንቁላልና ወተት ያስቀርብለታል። አበጀ የጠላቱን እንቁላል ሲበላ ሰንብቶ ፊቱ ወዝ አወጣ፤ ይርጋ በኖረና ባየው ብዬ በዚያ ሁሉ ኀዘን መካከል ሳቄ መጣ።

ቀኑ ደረሰ። ይህኛው ጉባኤ የፊተኛው አይደለም። ከአዲስ አበባ አንድ ሽማግሌ ሐኪም መጥተዋል፣ ሁሉም ሲገቡ ብድግ ይልላቸዋል፤ መኮንኖችም አሉ። እናቴ ከል ለብሳ፣ እኔ ኋላዋ፣ ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። ዶቶሬው ብዙ ተናገረ፣ የወንድሜን ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈ። ከዚያ የአንድ ወታደር ደም በአንድ ብርጭቆ፣ የአበጀ ደም በሌላ ብርጭቆ ተቀዳ፣ ጎን ለጎን ነጩ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። የወታደሩ ይረጋል፣ የዚህኛው አይረጋም ብሎ ሰዓቱን አወጣ። ያንኑ ሰዓት። ወደ ሽማግሌው እያየ ፈገግ ይላል።

የወታደሩን አጋደለው፤ እንደ እርጎ ረግቷል። የአበጀን አንስቶ አጋደለው። አልፈሰሰም። ነቀነቀው። እርጎ ነው። ከሌላው ክንድ ቀዳ፣ ከጣቱም ቀዳ፤ ደሙ እየረጋ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ ሽማግሌው ብርጭቆውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አንድ ነገር ተናገሩና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባልደረባችን በንግግር ብቻ ፈውሶታል፣ ይህን መድኃኒት ለዓለም ያሳውቅልን፤ እንዲህ ነበር ያሉት፣ አስተርጓሚው ከበር ስንወጣ ነገረን። ዶቶሬው ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ነጭ ሆነ። በዓይኑ እናቴን ፈለገ። አገኛት። እሷም ዓይኗን አልነቀለችም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ዛሬም ይህን ስጽፍ ይጠጣል። ይበለው። ደግሞ ይበለው።

ግርግሩ ሳይበርድ አበጀ በኩሽናው በር ወጥቶ ዱር ቤቴ አለ። እኛ ዳገቱን ተያያዝነው። ከኬላው አለፍ ብሎ ያ ባሕር ዛፍ ስር እናቴ ቁጭ አለች። ልጇ ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችም፤ ደሙ ሳይመለስ እንባዬን አላባክንም ብላ ነበር። አሁን ነጠላዋን መሬት ላይ አነጠፈችና ደረቷን እየመታች አወረደችው፤

ጦር ሜዳ አልወጣ፣ ጋሻም አላነሳ፣
በጉጠት ጫፍ ሞተ፣ የናቴ ልጅ አንበሳ።

«የናቴ ልጅ» ያለችው በእኔ አፍ ነው፤ እኔ አልቅሼ መናገር ስላቃተኝ። ዶቶሬው ከዚያ በኋላ ካምፕ ውስጥ ሰው እንደማያናግረው፣ ገበታ ላይ ብርጭቆ እያጋደሉ እንደሚያሾፉበት ሰማን። አንድ ቀን ዕቃውን በካሚዮን ጭኖ ሄደ፣ የት እንደገባ አላውቅም። አበጀ ጣሊያን ሲወጣ በሕይወት ተመለሰ። እናቴን ቀበረ፣ ሚስት አገባ፣ በየመኸሩ እየመጣ የእኛን ገብስ በይርጋ ማጭድ ያጭድ ነበር። እታለም ይለኛል፣ ወንድምዓለም እለዋለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል ሳንለዋወጥ አርጅቶ ሞተ። እግዜር ለእኔ ሴቶች ሰጠኝ፣ ለሴቶቼም ሴቶች፤ ወንድ ወደ ቤታችን ሳይመጣ ቆየ። ስለዚህ ዝም ማለት ቀላል ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ንግግሩ አልቆ ዶክተር ሰላማዊት እርጉዞቹን ተራ በተራ ትጠይቃለች። ትርንጎ ጋ ደረሰች። በእናትሽ በኩል ደም አልቆም ብሎት የሞተ ወንድ አለ ወይ አለቻት። ትርንጎ ሳቅ ብላ፣ እኛ ቤት ወንድ የሚባል የለም አለች። ዶክተሯ ልታልፍ ነው። ፎቶግራፉ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፣ የዚያ ሰው እጅ አሁንም ወንድሜ ትከሻ ላይ ነው። ብናገር ስሙ ይታደሳል፣ ልክ ነበር ይባላል፣ ያ ሁሉ ማር ለከንቱ ይሆናል። የትርንጎን ሆድ አየሁ። በስምንተኛው ቀን ምላጭ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አየሁ። ሁለት ጊዜ ሊገድለን ነው ይህ ሰው ብዬ አሰብኩ፤ አንዴ በእጁ፣ አንዴ በእኔ ዝምታ። ይህንንስ አልሰጠውም።

«ያ ወንበር ላይ ያለው ወንድሜ ነው» አልኳት ቆሜ። «ይርጋ ይባላል።»

ሁሉን ነገርኳት፣ ከጥርሱ እስከ ማሩ። ትርንጎ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ዶክተር ሰላማዊት ግን ዓይኗ በርቶ፣ «ስለዚህ ልክ ነበር ማለት ነው፣ እማማ?» አለችኝ። እንዲህ የበራ ፊት አንዴ አይቼ አውቃለሁ፤ ግን እሷ ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም።

«ልክ ነበር» አልኳት። «ገድሎታልም። ልክነቱን ስትጽፊለት የሸረሪት ድሩን ከእናቴ እጅ እንደያዘባት፣ በር እንደዘጋብን፣ ሰዓቱን እያየ እንዳስጨረሰው አብረሽ ጻፊ። አንዱን ያለ ሌላው እንዳትጽፊው።» አጎንብሳ እጄን ሳመችና ቃል ገባችልኝ።

ልጁ ተወለደ። በስምንተኛው ቀን አልተገረዘም። ደሙን ቀድተው በብርጭቆ አጋደሉት፣ ፈሰሰ። የእናቴ ወንድሞች ደም፣ የይርጋ ደም ነው። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ወሰደ፣ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ተገረዘና ቆመለት። እኔ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ ማንም አላስወጣኝም።

ዶክተር ሰላማዊትም ቃሏን ጠበቀች። የጻፈችውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ቤቴ ድረስ መጥታ አነበበችልኝ። ወንድሜ በስሙ አለበት፣ ዲያቆን መሆኑም አለበት፤ የዚያ ሰው ሥራም አንዱ ሳይጎድል አለበት። አንብባ ስትጨርስ በእሱ አገርም ይነበባል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ይነበባል እማማ አለችኝ። ልጆች ይኖሩታል ወይ አልኳት። እንደማታውቅ፣ የልጅ ልጆች ግን ሊኖሩት እንደሚችል ነገረችኝ።

«ካሉት ያንብቡት» አልኳትና ሕፃኑን ከትርንጎ ተቀብዬ አቀፍኩ።